መስመሩን ማን አሰመረው?



የዚህን ወር ወጌን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥር፣ የልጄ የግማሽ ዓመት ውጤት ወደ ቤት በመጣበት ቀን ነው።

ልጄ ኤልኬጂ ነው። በትምህርት ቤቱ በዚህ ደረጃ ውጤት በቁጥር አይሰጥም፤ ከእያንዳንዱ ችሎታ ጎን «በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ» ወይም «ክትትል ያስፈልገዋል» በሚለው ላይ ምልክት ይደረጋል። እርሳስ አያያዝ፦ ክትትል ያስፈልገዋል። ፊደል መለየት፦ ክትትል ያስፈልገዋል። ተረጋግቶ መቀመጥ፦ ክትትል ያስፈልገዋል። ከሥር ደግሞ መምህርቷ በእጅ ጽሑፏ «ትኩረት ያንሰዋል፤ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ቤት ውስጥ ቢታገዝ» የሚል ማስታወሻ አክላለች።

ያን ቀን ከሥራ የገባሁት ታክሲ ጥበቃ ረጅም ሰልፍ ቆሜ፣ ደክሞኝ ነው። ቦርሳዬን እንኳ በቅጡ ሳላስቀምጥ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁና ደብተር አውጥቼ «ሀን ሃያ ጊዜ ጻፍ» አልኩት። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ እርሳሱን ጥሎ ወደ መስኮቱ ሮጠ። ያኔ ነው ያ ቃል ከአፌ ያመለጠኝ። «አንተ ሰነፍ! የጎረቤታችንን ልጅ አታየውም? እሱ እኮ ስሙን ይጽፋል!»

ልጄ አላለቀሰም። ዞር ብሎ አየኝና «እማ፣ ሰነፍ ማለት ምን ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

መልስ አጣሁ። በእኛ አነጋገር ሥራ የማይወደውም ሰነፍ ነው፤ ትምህርት የሚከብደውም ሰነፍ ነው። አንዱ የማይፈልግ፣ ሌላው የማይችል፤ የሰጠናቸው ስም ግን አንድ ነው። ልጄን የትኛው ነህ ብዬ እንደተቆጣሁት ራሴም አላውቅም ነበር።

በአራት ቀን

በዚያው ሳምንት እሁድ ጎረቤቴ ቡና ጠራችኝ። እሷና እኔ በአንድ ወቅት ነፍሰ ጡር የነበርን፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ አብረን እያለከለክን የወጣን፣ «ማን ቀድማ ትወልድ ይሆን?» እየተባባልን የሳቅን ሴቶች ነን። ወሬ ወሬን ሲያነሳው «የኔማ ተመስገን ነው፤ ከነርሰሪ ልጆች አንደኛ ነው አሉኝ። መምህርቷ እንዲያውም ሌሎቹን እንዲያግዝላት ታደርገዋለች» አለችኝ። «ስሙንም ይጽፋል አሉ» ስላት ሳቀች። «የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ እኮ ነው!»

እኔ ግን ጆሮዬ ላይ የቀረው «ነርሰሪ» የሚለው ቃል ነው። የኔው ልጅ ኤልኬጂ ነው። ሁለቱ ልጆች ግን እኩያ ናቸው።

ልጄ የተወለደው ጳጉሜን 3 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የእሷ መስከረም 2 ቀን 2013 ዓ.ም.። በመካከላቸው ያለው አራት ቀን ነው፤ እኔ ገንፎ ስበላ እሷ ምጥ ላይ ነበረች። ሁለቱ ልጆች የተመዘገቡባቸው ትምህርት ቤቶች ደንብ ደግሞ ተመሳሳይ ነው፦ ነርሰሪ የሚገባው እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 4 ዓመት የሞላው ልጅ ነው። የኔው ቀኑ ሊያልፍ ሁለት ቀን ሲቀረው ሞላለትና ገባ። የእሷ በሁለት ቀን አመለጠውና ዓመት ጠበቀ። ዛሬ የኔ ልጅ በክፍሉ ካሉት ሁሉ ትንሹ ነው። የእሷ በክፍሉ ካሉት ሁሉ ትልቁ ነው።

እስቲ አስቡት። ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ከሚማሩት መካከል አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን በቀረው ዕድሜ የሚበልጡት አሉ። ለእኔና ለእናንተ አንድ ዓመት ብዙ ላይመስል ይችላል። ለአምስት ዓመት ልጅ ግን የዕድሜው አንድ አምስተኛ ነው። በእኔ ዕድሜ ሲመነዘር፣ ከስድስት ዓመት በላይ ከሚበልጠኝ የሥራ ባልደረባ ጋር በአንድ ሚዛን እንደመመዘን ነው።

ሁለቱ ልጆች ማታ ማታ በአንድ ኮሪደር ላይ ኳስ ያሳድዳሉ። ሁለቱም የቀኝ ጫማቸውን በግራ ያደርጋሉ። ጠዋት ሰርቪስ መኪና ላይ ሲወጡ ግን አንዱ ጎበዝ፣ አንዱ ሰነፍ ይሆናሉ። ይህን ልዩነት ልጆቹ ይዘውት አልተወለዱም። ቢያንስ ከፊሉን ያመጣው አንድ ሰው ጳጉሜን መጨረሻ ላይ ያሰመረው መስመር ነው።

ጉዳዩ የእናት ሆድ የፈጠረው ማጽናኛ ብቻ እንዳልሆነ የተረዳሁት በኋላ ሳነብ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ያሳተሙት ጥናት ከ400 ሺህ በላይ የአሜሪካ ልጆችን መረጃ የመረመረ ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ልጅ ትምህርት ለመጀመር 5 ዓመት መሙላት ያለበት የመጨረሻ ቀን ሴፕቴምበር 1 ነው። በእነዚህ ግዛቶች ኦገስት የተወለዱት ልጆች፣ ማለትም የክፍላቸው ትንንሾች፣ ሴፕቴምበር ከተወለዱት ይልቅ «ትኩረት የማጣትና ከልክ በላይ የመቅበጥበጥ ችግር» ወይም ኤዲኤችዲ አለባችሁ የመባል ዕድላቸው በ34 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። መስመሩ በሴፕቴምበር 1 ባልሆነባቸው ግዛቶች ግን በሁለቱ ወራት ልጆች መካከል ይህን የመሰለ ልዩነት አልታየም።

እንዳትሳሳቱብኝ፤ ችግሩ እውነተኛ ነው፣ ያለበት ልጅም እርዳታ ያስፈልገዋል። ጥናቱ የሚነግረን ሌላ ነገር ነው። ሐኪምና መምህር «ይህ ልጅ ይቅበጠበጣል» ሲሉ ከማን ጋር አወዳድረው ነው? አጠገቡ ከተቀመጠው ልጅ ጋር። አጠገቡ ማን እንደሚቀመጥ የወሰነው ደግሞ የመመዝገቢያው ቀን ነው።

ስፖርቱም ከዚህ አላመለጠም። በ1980ዎቹ ካናዳ ውስጥ ሮጀር ባርንስሊ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባለቤቱ ጋር የበረዶ ሆኪ ለማየት ይሄዳል። ባለቤቱ ፕሮግራሙ ላይ የታተመውን የተጫዋቾች ዝርዝር ስታገላብጥ አንድ ነገር ትታዘባለች፦ አብዛኞቹ የተወለዱት በጃንዋሪ፣ በፌብሩዋሪና በማርች ነው። ባርንስሊ ከባልደረቦቹ ጋር አጥንቶ በ1985 ሲያሳትመው ነገሩ እውነት ሆኖ ተገኘ። በካናዳ ሕፃናት ለሆኪ የሚመደቡበት የዕድሜ መስመር ጃንዋሪ 1 ነበር። ጃንዋሪ የተወለደው ልጅ ከዲሴምበሩ በአንድ ዓመት ሊጠጋ በሚችል ዕድሜ ስለሚበልጥ ግዙፍና ፈጣን ይሆናል። አሠልጣኙ «ተሰጥኦ አለው» ብሎ ይመርጠዋል፣ የተሻለ ሥልጠና ያገኛል፣ ከዓመታት በኋላም በእርግጥ የተሻለ ተጫዋች ይሆናል። በመስመር የተጀመረው ልዩነት እውነተኛ ልዩነት ሆነ ማለት ነው። እኔን ያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ልጄን ዛሬ ሰነፍ ካልኩት፣ ነገ እውነት ላደርገው እችላለሁ።

ቢሮ ውስጥ የማውቀው ዘዴ

የሚያሳፍረኝ ይህን ነገር ቢሮ ውስጥ አሳምሬ ማወቄ ነው። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። በየሩብ ዓመቱ «ንቁ ደንበኞቻችን ስንት ናቸው?» የሚል ጥያቄ ይቀርብልኛል። ንቁ ደንበኛ ማለት ግን ማን ነው? አንድ ጊዜ «ባለፉት 30 ቀናት የገዛ» ይባል የነበረውን «ባለፉት 90 ቀናት የገዛ» ብለን ቀየርነው። የደንበኛው ቁጥር በአንድ ከሰዓት በኋላ ተመነጠቀ። አንድም ተጨማሪ ዕቃ አልሸጥንም፣ አንድም አዲስ ሰው በራችንን አላንኳኳም። ግራፉን በአረንጓዴ ቀለም የሠራሁት እኔ ነኝ። ስብሰባው ላይ ተጨበጨበልኝ። አዲሱ ትርጉም ከግራፉ ሥር በትንንሽ ፊደላት ስለተጻፈ ማንም ዋሸሽ ሊለኝ አይችልም።

ትልልቅ ድርጅቶችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። እናንተም እኔም ብዙ ጊዜ «መካከለኛ ገቢ ያለው የኅብረተሰብ ክፍል» ተብለን እንጠራለን። በ2011 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ልማት ባንክ ባወጣው ጥናት መካከለኛው መደብ ከሕዝቡ 34 በመቶ ደርሷል ተባለ። በጥናቱ ትርጉም መካከለኛ የሚባለው በመግዛት አቅም ተሰልቶ በቀን ከ2 እስከ 20 ዶላር የሚያወጣ ሰው ነው። ከእነዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዙት ከ2 እስከ 4 ዶላር የሚያወጡት ናቸው፤ ባንኩ ራሱ «ተንሳፋፊ» ብሎ ጠርቷቸዋል፤ አንድ ክፉ አጋጣሚ ተመልሰው ድህነት ውስጥ ሊጥላቸው የሚችል ሰዎች ናቸው። እነሱ ሲወጡ 34ቱ በመቶ ወደ 13 በመቶ ገደማ ይወርዳል። አህጉሩ ያው ነው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው፣ ኪሳቸው ውስጥ ያለው ገንዘብም አልተነካም።

በእነዚያ ዓመታት «የአፍሪካ መካከለኛ መደብ እያበበ ነው» የሚለው ዜና የብዙ ኩባንያዎችን ልብ አነሳስቶ ነበር። በ2015 ግን ኔስሌ በ21 የአፍሪካ አገሮች ከነበሩት ሠራተኞቹ 15 በመቶውን እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ በአካባቢው የኩባንያው ኃላፊ የሰጡትም ምክንያት መካከለኛው መደብ እንዳሰቡት ሳይሆን እጅግ ትንሽ ሆኖ መገኘቱ ነው። ሥራቸውን ካጡት ሠራተኞች መካከል «መካከለኛ መደብ ማለት ምን ማለት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ያለ አይመስለኝም።

አንድ አዳር ውስጥ የታመሙ ሰዎች

በትምህርት ቤት ስንማር ፕላኔቶች ዘጠኝ ነበሩ። በልጄ መጽሐፍ ላይ ስምንት ናቸው። በ2006 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አባላት ፕራግ ላይ ተሰብስበው «ፕላኔት» ለሚለው ቃል አዲስ ትርጉም በድምፅ ብልጫ አጸደቁና ፕሉቶ ከዝርዝሩ ወጣች። ፕሉቶ ግን ይህን አልሰማችም፤ ዛሬም በዚያው መንገዷ ትዞራለች። ሰው እንደ ፕሉቶ አይደለም። ስም ሲወጣለት ይሰማል፣ እንደ ስሙም መኖር ይጀምራል።

ሜሪላንድ የሚኖሩ አጎቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ደውለው በተሰበረ ድምፅ «ደም ግፊት አለብህ ተባልኩ» አሉን። ልኬታቸው 132 በ82 ነበር። እዚህ አዲስ አበባ ያሉት እናቴ ልኬታቸው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ «ደህና ነዎት፣ ጨው ይቀንሱ» ተብለው ተመልሰዋል። ወንድምና እህት፣ ተቀራራቢ ቁጥር፤ አንዱ በሽተኛ፣ አንዷ ጤነኛ።

ምክንያቱ ይህ ነው። በኖቬምበር 2017 የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት የደም ግፊት መነሻን ከ140 በ90 ወደ 130 በ80 ዝቅ አደረጉት። በአዲሱ ትርጉም ደም ግፊት አለባቸው የሚባሉት የአሜሪካ አዋቂዎች ድርሻ ከ32 በመቶ ወደ 46 በመቶ አደገ። ሚሊዮኖች ጤነኛ ሆነው ተኝተው ሕመምተኛ ሆነው ነቁ። የዓለም ጤና ድርጅት መስመር ግን አሁንም 140 በ90 ነው።

አሜሪካኖቹ መስመሩን ያወረዱት በዘፈቀደ አልነበረም። ከ140 በታችም ቢሆን ግፊቱ ከፍ ባለ ቁጥር ለልብና ለአንጎል የሚያሠጋው ነገር እንደሚጨምር የሚያሳዩ ጥናቶች ነበሯቸው። ነገር ግን ሥጋቱ የሚጨምረው እንደ ዳገት ቀስ እያለ ነው፤ 129 ላይ ሜዳ ሆኖ 130 ላይ ገደል አይሆንም። ዳገቱ የተፈጥሮ ነው፣ ዳገቱ መሀል ላይ ምልክት የተከልነው ግን እኛ ነን። ክብደትም እንዲሁ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ «ከልክ ያለፈ ውፍረት» የሚጀምርበትን የክብደትና የቁመት ስሌት ከ27 ገደማ ወደ 25 ስታወርደው፣ ግራም ያልጨመሩ ሚሊዮኖች በማግሥቱ ወፍራም ተብለዋል።

አጎቴን የጎዳቸው ስሙ ነው። ስሙን ከሰሙ በኋላ ለወራት ደረጃ መውጣት ፈሩ፣ ሠርግ ላይ እስክስታ መምታት አቆሙ። ሐኪማቸው ያዘዟቸው ደግሞ መድኃኒት ሳይሆን በቀን ግማሽ ሰዓት መራመድ ነበር!

የሊቃውንቱ 0.05

«ይህ የተራ ሰው ነገር ነው፣ ሊቃውንት እንዲህ አይሳሳቱም» የሚል ካለ፣ የመመረቂያ ጥናቴን ልንገረው። በቢዝነስ ዲግሪዬ ማብቂያ ላይ ማስታወቂያና ሽያጭ ያላቸውን ግንኙነት አጥንቼ ነበር። በስታቲስቲክስ አንድ የተለመደ መፈተኛ አለ፦ በሁለቱ ነገሮች መካከል ምንም ግንኙነት ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድሉ ስንት ነው? ዕድሉ ከ0.05 በታች፣ ማለትም ከሃያ ከአንድ በታች ከሆነ ውጤቱ «ትርጉም አለው» ይባላል። የኔ 0.06 መጣ። አማካሪዬ «ግንኙነት የለም ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። 0.04 ያገኘው የክፍል ጓደኛዬ «ግንኙነት አለ» ብሎ ጻፈ፤ መቶ ሰው ፊት ሲያቀርብም ተወደሰ። በሁለታችን መካከል የነበረው ልዩነት ከመቶ ሁለት ነው።

ይህ 0.05 ከየት መጣ? ከሰማይ አልወረደም። ዝነኛ ያደረገው እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር በ1925 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የተመራማሪዎች መማሪያ መጽሐፍ ነው፤ ይህንን ቁጥር እንደ ወሰን መያዝ ለሥራ እንደሚመች ገለጸ። ለሥራ ስለሚመች ነው የመረጠው። ምቾቱ በጊዜ ብዛት ሕግ ሆነና የምርምር መጽሔቶች በር ላይ ቆመ። የፊዚክስ ሰዎች ደግሞ ሌላ መስመር አላቸው፤ በ2012 ሂግስ ቦዞን የተባለውን ቅንጣት አገኘን ከማለታቸው በፊት ውጤቱ በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉ ከሦስት ሚሊዮን አንድ እንኳ እንዳይሞላ ጠብቀዋል። በ2019 ከ800 በላይ ተመራማሪዎች በኔቸር መጽሔት ላይ በወጣ ጽሑፍ ፈርመው «ትርጉም አለው፣ የለውም» የሚለው ቆራጭ አነጋገር እንዲቀር ጠይቀዋል። ቁጥሩ ይነገረን፣ ፍርዱን ግን በመስመር አትቁረጡት ነው የሚሉት።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ወደ ቤታችን የሚቀርበው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት 50 በመቶ ማምጣት ግድ ሆነ። በዚያ ዓመት መስመሩን ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ። ከዚያ በፊት የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ይወሰን ነበር። ከ50 በታች ላመጡት የተወሰኑት ደግሞ «ሪሜዲያል» የሚል ሌላ በር ተከፍቶላቸዋል፤ እሱም የራሱ መስመር አለው። መስመሩ ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለትምህርት ባለሙያዎች እተወዋለሁ። እኔ የማየው ሳሎናችንን ነው። 50.2 ባመጣው ልጅ ቤት ዶሮ ይታረዳል። 49.6 ባመጣችው ልጅ ቤት መብራት ጠፍቶ ይታደራል፣ ዘመድ «ወደቀች» ይላል። ልዩነታቸው ከአንድ ወይም ከሁለት ጥያቄ ብዙም ላይበልጥ ይችላል። ከ20 ያመጣው ልጅም፣ ከ49.6 ያመጣችውም በአንድ ቃል «ወደቁ» ይባላሉ፤ እነሱ ደግሞ ከሁሉም የራቁ ናቸው።

ታዲያ መስመር አይኑር?

አይደለም። ያለ መስመር መኖር አንችልም። ትምህርት ቤት አንድ ቀን ምዝገባ መዝጋት አለበት። ሐኪም መድኃኒት ልስጥ፣ አልስጥ ብሎ መወሰን አለበት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ወንበር ቁጥር አለው። ችግሩ የሚመጣው ለአንድ ሥራ የተሰመረን መስመር አንስተን ለሌላ ሥራ ስናውለው ነው። የጳጉሜን መስመር የተሰመረው ምዝገባን ለማቃለል ነው፤ እኔ ግን የልጄን አእምሮ ለካሁበት። የ50 በመቶው መስመር ዩኒቨርሲቲ ማን ይግባ ለሚለው መልስ ነው፤ ልጅቷ ማን ናት ለሚለው አይደለም።

ስለዚህ አሁን ስለ ሰው አንድ ስም ስሰማ ሦስት ጥያቄ ለመጠየቅ እሞክራለሁ፤ ምናልባት ለእናንተም ይጠቅም ይሆናል።

አንደኛ፣ መስመሩን ማን፣ ለምን ሥራ አሰመረው? ለሌላ ጉዳይ የተሰመረ ከሆነ ለእኔ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ መስመሩ ትንሽ ቢገፋ ፍርዴ ይገለበጣል? ልጄ አራት ቀን ዘግይቶ ቢወለድ ኖሮ ጎበዝ እለው ከነበረ፣ ሰነፍ ያልኩት ልጁን ሳይሆን ቀኑን ነው።

ሦስተኛ፣ ከመስመሩ ምን ያህል ይርቃል? ስም ብቻ ተቀብላችሁ አትመለሱ። ሐኪም ቤት «ደም ግፊት አለብዎት» ከተባላችሁ ቁጥሩን ጠይቁ፣ ምን ማድረግ እንዳለባችሁም አብራችሁ ጠይቁ። ትምህርት ቤት «ወደ ኋላ ቀርቷል» ከተባላችሁ «ከማን? በምን ያህል?» በሉ። ስሙ ልብ ይሰብራል፣ ቁጥሩ ግን መንገድ ያሳያል።

እኔም ጠየቅሁ። አንድ ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። መምህርቷን ለመውቀስ አልነበረም፤ ሠላሳ አምስት ሕፃን ይዛ የምትውል ወጣት ናት፣ እኔ አንዱን ማስቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ችግሬን ሳስረዳት የስም መዝገቡን አወጣች። «ክትትል ያስፈልጋቸዋል» ካለቻቸው ስድስት ልጆች አራቱ የተወለዱት ከግንቦት እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ ነው። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ «የልደት ቀናቸውን የማየው ኬክ ሲመጣ ብቻ ነበር» አለችኝ።

የውጤት ወረቀቱ አልተቀየረም፤ ፎርሙን የሚያወጣው ትምህርት ቤቱ ነው። ነገር ግን ለልጄ ሌላ ደብተር ከፍተናል። በየወሩ አንድ ገጽ ይጽፋል፣ የምናወዳድረውም ከባለፈው ወር ገጹ ጋር ነው። የጥሩ «ሀ» እግሮቹ ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚሸሹ ነበሩ። የመጋቢቱ ቆሟል። ዕድሜው እየገፋ ሄዶም ከከበደው ወደ ባለሙያ እወስደዋለሁ፤ መስመሩን ጠየቅሁ ማለት ችግር ቢኖር ዐይኔን እጨፍናለሁ ማለት አይደለም። እናቴ ይህን ሁሉ ስነግራቸው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ይህን ለማወቅ ሃርቫርድ ድረስ መሄድ ነበረብሽ?» ብለው ሳቁብኝ።

ልጄንም አጠገቤ አስቀምጬ «ያን ቀን ሰነፍ ስልህ ተሳስቼ ነበር፣ ይቅርታ» አልኩት። እሱ ረስቶታል። «እሺ እማ፣ አሁን ኮሪደር ላይ ልውጣ?» ነበር መልሱ። የጎረቤታችን ልጅ በር ላይ ኳስ ይዞ ይጠብቀው ነበር።

እናንተስ ቤት የተሰመረ መስመር የለም? የልጆቻችሁን የልደት ወር ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር አስተያዩት፣ ያገኛችሁትንም አካፍሉኝ። በሚቀጥለው ወር በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።